ለህንዱ ዓይን የተሳልኩት ጧፍ

በምኖርበት የዐረብ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ እኛም የምናስቀድሰው ዓርብ ነው። ባለፈው ወር ከቅዳሴ ስመለስ፣ ያጠፋሁትን ጧፍ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ደረጃውን እወጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የህንዳዊቷ ጎረቤቴ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። አልፋለሁ ስል ዓይኔ ገባ። አንድ የቆየ ፊልም ነው። አንድ ሰው ጠባብ መንገድ መሐል ቆሟል። አገጩን ቀና አድርጎ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ አየሩን የሚዳስሰው ግን በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ ነው። በዚያው ቅጽበት የጧፉ የሰም ሽታ ከነጠላዬ ውስጥ መጣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

ጎረቤቴ አየችኝና ሁለታችንም በምንሰባብረው ዐረብኛ ግቢ፣ ተቀመጪ አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ ሰው ቤት የምገባ አይደለሁም። ገባሁ። ያ ሰውዬ የእሷ አገር ሰው ቢሆንም ለእኔም ባዳ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ስለት ተስዬለታለሁ።

ያን ዓመት ሥራዬ የኔታን መምራት ነበር። የኔታ ክንፈ መዝሙረ ዳዊት የሚያስተምሩ የጎጃም ሰው ናቸው። በክረምቱ ሐረር መጥተው፣ ሸዋ በር ከሚባለው የጀጎል ግንብ በር አጠገብ ካለው ግቢያችን ጓሮ ያለችውን ክፍል እናቴ ሰጥታቸው ነበር። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶታል። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምሳዬን እንደበላሁ የበትራቸውን ጫፍ ይዤ፣ በሸዋ በር ገብተን፣ በመኪና ግርግር አድርገን መድኃኔ ዓለም አደርሳቸዋለሁ። ልጆቹን ሲያስደግሙ ይቆዩና አሥር ሰዓት ላይ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።

መምራት የምለው ለወጉ ነው። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙም የወጣለት ከስፌት መኪኖቹ ጫጫታ ነው። ግራና ቀኝ በየደጃፉ ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ሲንደቀደቁ ይውላሉ። የኔታ በሁለት ወር ውስጥ እያንዳንዷን መኪና በድምፅዋ ለይተዋት ነበር። አንዷ መኪና እየቆመች እየተነሣች ነው የምትሰፋው። እሷ ጋ ስንደርስ፣ “ይቺ አንካሳዋ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ድንጋይ እንዳይመታሽ” ይሉኛል። ልብስ ሰፊው ይስቅብኛል። ማን ማንን እንደሚመራ ንገሪኝ እስቲ ይለኛል። እኔም አላፍርም። ብዙ ጊዜ የበትሩን ጫፍ ለቅቄ የጨርቅ ቁርጥራጭ ስለቅም እቆይና አንካሳዋን አልፈው ሲሄዱ ሮጬ እደርስባቸዋለሁ።

ዓይነ ስውር መሆናቸውን እናቴ ነግራኛለች። ቃሉን እንጂ ነገሩን አላወቅሁትም። ለእኔ ዓይነ ስውር ማለት በቤተ ክርስቲያኑ በር እጁን ዘርግቶ የሚቀመጠው ነው። የኔታ ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ሰውየው ይመልሳሉ። ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው ሊሞላ ሲል ልክ ያቆማሉ፤ ድምፁን እየሰሙ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ነጠላቸው አንድ ቀን ተዛብቶ አይቼው አላውቅም። ዓይናቸውን የጨፈኑት ዳዊቱ እንዳይፈስባቸው ይመስለኝ ነበር። መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃላቸው የያዘ ሰው፣ ዓይኑን ቢከፍት በዚያ በኩል አንዱ አይወጣበትም?

እሳቸው ሲያስተምሩ እኔ የምቆየው አዴ ፋጡማ ቤት ነው። እኛ አገር ትልቅ ሴት አዴ ትባላለች። እናቴ ከእሷ ጋር እንደ እኅት ናት። መጀመሪያ ሰሞን እርስዎ ብያት ዞር ዞር ብላ ኋላዋን አየችና “ከማን ጋር ነው የቆጠርሽኝ? ብቻዬን ነኝ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ እላታለሁ። ቤቷ እንደ ጀጎል ቤቶች ሁሉ ቀይ የተቀባ፣ መደቡ ደረጃ በደረጃ የሆነ ነው። ፊት ለፊት በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ቴሌቪዥንና ዴክ አለ። ከቀትር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ኮፍያ የሚጠልፉበትን ክርና መርፌ ይዘው ይመጣሉ። ጨርቁ ይነሣል። የህንድ ፊልም ይጀመራል።

መስከረምንና ጥቅምትን ያየነው አንድ ካሴት ነው። ህንዱ የመስተዋት አምባር በባቡር ጣቢያ የሚሸጥ ዓይነ ስውር ነው። ድሮ ያይ ነበር፤ ወጣት ሳለ በአንድ እሳት ቃጠሎ ዓይኑም ጠፋ፣ ታናሽ እኅቱም ጠፋች። አሁን አምባር ሲሸጥ የሴቱን ሁሉ እጅ አንጓ ይዳስሳል፤ ከዕለታት አንድ ቀን የእኅቱን አገኛለሁ ብሎ። አዴ ፋጡማ ህንድኛ እችላለሁ ትላለች። እሱ አንድ ዘፈን ሙሉ በዝናብ ሲያለቅስ ቆይቶ ሲጨርስ፣ “እኅቴን አምጡ ነው የሚለው” ብላ ትተረጉምልናለች። ሴቶቹ ግማሹን ቀን ለሁለት ቃል ነው ወይ ብለው ያሾፉባታል።

መጨረሻውን አይቼው አላውቅም። የህንድ ፊልም ረጅም ነው፤ የኔታ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይጠብቁኛል። እሱ የአንዲት ልጅ እጅ ይዞ ፊቱ ሲለዋወጥ፣ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ተነሥቼ እሮጣለሁ። አገኛት ወይ ብዬ በማግሥቱ ስጠይቅ ሴቶቹ ይተያዩና ራስሽ ቆይተሽ እዪው ይሉኛል።

ሁልጊዜ እሱ ጣቱን ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ሻይ ሲቀዳ፣ ወይም በዚያ ጠባብ መንገድ እጁን ዘርግቶ ሲቆም፣ አዴ ፋጡማ በሻሽዋ ጫፍ ዓይንዋን እየጠረገች “ሚስኪን፤ አላህ ይመልስለት” ትላለች። እኔም አሜን እላለሁ። የፊልም ሰው ከሌላው ሰው የተለየ መሆኑን የነገረኝ የለም። አንድ ምስኪን አለ፣ ህንድ አገር ይኖራል፣ እኛም በዚህ መስኮት እናየዋለን። በቃ።

እናም ተሳልኩለት። ሐረር አድጎ ስለትን የማያውቅ ልጅ የለም። በታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ የምሥራቁ ሰው ሁሉ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፍ በደጃችን ነው የሚያልፈው። እኔ ራሴ ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ስድን እናቴ በቁመቴ ልክ ጧፍ አስገብታለች። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ ህንዱ ገብርኤልን ያውቀው ይሆን? አዴ ፋጡማን ጠየቅኋት። “ጂብሪልን የማያውቅ ማን አለ” አለችኝ፤ ልቤ ዐረፈ። ማታ ስጸልይ፣ የህንዱን ዓይን ብታበራለት በቁመቴ ልክ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ከእናቴ ፈትል ላይ ክር ወስጄ በበሩ መቃን ላይ ቁመቴን ለካሁ። ሰሙን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከመቅረዙ ሥር የሚንጠባጠበውን ልልቀም ብዬ የኔታን አስፈቀድኳቸው። ለምንሽ ነው አሉኝ። ለቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነው አልኩ፤ እውነቴን ነው። እንግዲያስ ልቀሚ አሉ። ሰሙን በቆርቆሮ ጣሳ ፀሐይ ላይ አሙቄ ክሩን በጣቶቼ አሸዋለሁ። ደብተሬ፣ እጄ፣ ትራሴ ሁሉ ሰም ሰም ይሸት ነበር። ጧፉ ስንዝር በስንዝር እየረዘመ እንደ እባብ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተኛ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ረመዳን ሳይገባ፣ አዴ ፋጡማ አዲስ ካሴት አመጣች። ገና ሲጀምር ያው ህንድ ሞተር ብስክሌት እየነዳ መጣ። ወረደ። ከኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ አነበበ።

ከመደቡ ላይ ተነሥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት። ድፍን ቤቱ ክሩን ጥሎ አየኝ። “በራለት፤ ዓይኑ በራለት” አልኩ። እየተደጋገፉ ሳቁ። ከመካከላቸው ያልሳቀችው አዴ ፋጡማ ናት። እጄን ይዛ ጭንዋ ላይ አስቀመጠችኝና እሱ ሥራው እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ዓይነ ስውር፣ አንድ ጊዜ ወታደር፣ አንድ ጊዜ ሌባ እየሆነ እንደሚሠራ ነገረችኝ።

“ድሮም ያይ ነበር?” አልኳት።

“ወላሂ፣ ከእኔና ካንቺ ይበልጥ ያያል።”

ከዚያ በኩራት፣ እንደ ገዛ ወንድሟ ሥራ ታወራልኝ ጀመር። ካሴት የሚያከራየው ሰውዬ እንደነገራት፣ ያንን ፊልም ከመሥራቱ በፊት ህንዱ ወራት ሙሉ ከዓይነ ስውራን ጋር ኖሯል። ዓይኑን አስሮ በልቷል፣ ዓይኑን አስሮ ደረጃ ወጥቷል፤ ቅልጥሙ በግጭት ብዛት በልዞ ነበር አለችኝ። እውነት ይሁን የካሴት ቤት ወሬ ዛሬም አላውቅም። “እኔ ኮፍያ ስጠልፍ መርፌ ቢወጋኝ ቀኑን ሙሉ ስራገም እውላለሁ” አለች፤ “እሱ እንጀራው ነው ብሎ እግሩን ሰጠ።”

አልሰማኋትም። ነድጃለሁ። ዓይነ ስውር ሳይሆኑ መስሎ መለመን ኃጢአት መሆኑን እናቴ አስተምራኛለች። ይሄ ሰውዬ እንባችንን ለምኖ ወሰደ። ከሁሉ የከፋው ስለቴ ነበር። ስለት ተስሎ ማስቀረት አይቻልም፤ ያስቀረ ሰው ምን እንደደረሰበት በየቤቱ ሲወራ ነው ያደግነው። ግን ላልታወረ ሰው ዓይን የተሳልኩትን ጧፍ ይዤ ብቀርብ፣ መልአኩን ማታለል አይሆንም? ባስገባም ፈራሁ፣ ብተውም ፈራሁ። ለእናቴ እንዳልነግር ፊልሙን ይህን ያህል ማየቴን አታውቅም።

ረመዳን ገባ፤ የአዴ ፋጡማ ቴሌቪዥን ጨርቁን ለበሰ። ጥቂት ቆይቶ የእኛም የነቢያት ጾም ገባ። የምሄድበት ስለሌለ የኔታ ዘንድ ከልጆቹ ኋላ እቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ስንመለስ፣ ዓይነ ስውር ሳይሆን ነኝ የሚል ሰው ኃጢአቱ ምን ያህል ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ማን ነው እሱ አሉ። ስለ ህንዱ ነገርኳቸው፤ ስለቱን ግን ዋጥኩት።

የምጠብቀው ቁጣ ነበር። የኔታ ግን አንካሳዋ መኪና አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ይመረምሩኝ ጀመር።

“ሲጠሩት ምኑን ያዞራል፣ ፊቱን ነው ጆሮውን?”

“ጆሮውን።”

“ሻይ ሲቀዳስ?”

“ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይነክራል።”

ሳቅ አሉ። “ጀማሪ ነው። አድጎ ነው የታወረው።”

ደነገጥኩ። በእሳት ቃጠሎ መታወሩን አልነገርኳቸውም ነበር። ልክ ነው አልኳቸው።

“እጁን ሲዘረጋ እንዴት ነው?”

መናገር ቢያቅተኝ እጃቸውን ይዤ ዘረጋሁና መዳፋቸውን ወደ ውስጥ መለስኩት። ጀርባው ወደ ፊት ሆነ። እጃቸውን እንደዚያው ዘርግተው አቆዩት።

“መዳፉን አይደለም? አስተውለሻል?”

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው።”

“ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም” አሉ፣ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው እየመለሱ። “አንድ ጊዜ በመዳፉ እሳት የጨበጠ ነው ከዚያ ወዲያ በእጁ ጀርባ የሚዳስስ። ያ ሰው ከአንድ ዕውር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተምሯል። እኔ ዘንድ ያሉት እንዲህ ቢተጉ ዳዊቱ እስከ ገና ባለቀ።”

እኔ ግን ውሸት ነው አልኩ፣ እያኮረፍኩ።

“ውሸታም አይደክምም ልጄ። ውሸት የሚጥመው ድካም ስለሌለው ነው።”

ይህን ሰምቼም ኩርፊያዬ አልተፈታም።

ዒድ የዋለው በጾማችን መሐል ነው። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው በትራቸውን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ይበላል፣ ከየግድግዳው ጀርባ ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል። መኪና ግርግር ስንገባ የአዴ ፋጡማ ደጅ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በትሩን ለቅቄ ዒድ ሙባረክ ልላት ሮጥኩ። ሳመችኝና፣ ጾምሽ ሲፈታ ትበዪዋለሽ ብላ ሐልዋ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ብዙ አልቆየሁም።

ስወጣ የኔታ መንገዱ መሐል ቆመዋል።

መኪኖቹ ሁሉ ጨርቅ ለብሰው ዝም ብለዋል። አንካሳዋም ዝም ብላለች። የኔታ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ጆሯቸውን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያዞራሉ። በእግራቸው ጫፍ ድንጋዩን ይፈልጋሉ፤ ድንጋዩ ግን በሌላ በኩል ነው። ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ቀኝ እጃቸው ተዘርግቷል፤ በጀርባው።

“ልጄ” አሉ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ጠርተውኝ አያውቁም። “ልጄ፣ አለሽ?”

ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በመስኮቱ አይቼዋለሁ፣ አልቅሼለታለሁ፣ ጧፍ ተስዬለታለሁ። ህንዱ ያሳየኝ ይህንን ነበር፤ በየቀኑ ከጎኔ የሚሄደውን። ዓይናቸው አያይም። ዳዊት እንዳይፈስ የተጨፈነ አይደለም፤ የለም። እኔ ደግሞ በማላውቀው አገር ላለ ደህና ሰው ስሳል፣ በትራቸውን ይዤ ለምመራቸው ለየኔታ አንድ ቀን “ዓይናቸውን አብራላቸው” ብዬ አላውቅም።

ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ማን መታሽ አሉኝ። ሁሉንም አወጣሁት፤ ስለቱን፣ ክሩን፣ ሰሙን፣ እልልታውን። ለእርስዎ ሳልሳል ቀረሁ አልኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የኔታ ግድግዳውን ደገፍ ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁም አይቼ አላውቅም። ነጠላቸውን አንሥቼ አለበስኳቸው።

“እሱ ዕውር ለመምሰል ደከመ” አሉ፣ ሳቃቸው ሲበርድ። “እኔ ደግሞ ላለመምሰል እደክማለሁ። ጎጃም ሆኜ ልጅ ሳለሁ ነው የጀመርኩት። ካንቺ አነጋገር ለሁለታችንም ሠምሮልናል ማለት ነው።”

ጧፉን ለእርስዎ ላድርገው አልኩ።

“የለም። ስለት ቀሚስ አይደለም፣ ለዚያኛው አጠረ ተብሎ ለዚህኛው አይሰጥም። ለሰውዬው ብለሻል፣ ለሰውዬው ይግባ። ዓይኑ ደህና ነው አሉ፤ ደህና የሆነውስ በማን ነው? እንደ ደህናነቱ ጠብቅለት በዪ።” ከዚያ በትራቸውን ዘረጉልኝ። “ለእኔ ጧፍ አያስፈልገኝም። መኪኖቹ ዝም ያሉ ቀን አትልቀቂኝ፤ ይበቃኛል።”

ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ከእናቴና ከየኔታ ጋር ቁልቢ ሄድን። ከሰዉ ብዛትና ከእልልታው የተነሣ አንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት አይቻልም፤ የኔታም በትሩን ትተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ እስክንመለስም አላነሡትም። ጧፌን ዘርግቼ ሳቆመው በመዳፋቸው ከሥሩ እስከ ጫፉ ዳሰሱት። ቀጥለው አናቴን ዳሰሱ።

“ሁለት ጣት አጥሯል” አሉ። “ዘንድሮ አድገሻል።”

እናቴ ግራ ገብቷት የማን ስለት ነው አለች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። የኔታ ፊታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እሷ መለሱ፤ ልክ ዓይን ለዓይን እንደሚተያይ ሰው።

“የአንድ የሙያ ባልደረባዬ ነው” አሏት።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ቤት ፊልሙን ሊያልቅ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተቀምጬ አየሁ። ህንዱ የዚያችን ልጅ እጅ ያዘ፤ ጣቶቹ አንጓዋ ላይ ቆሙ፤ ፊቱ መለዋወጥ ጀመረ። ያኔ፣ የኔታን የማመጣበት ሰዓት የደረሰ ይመስል፣ ሳላውቀው ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ ገርሟት፣ አሁን ሊያልቅ ሲል፣ መጨረሻውን ሳታዪ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። ሰው ይጠብቀኛል አልኳት። ጧፉን ይዤ ደረጃውን ስወጣ አሰብኩት፤ ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም።